ዓይነ ርግብ፣ መጋረጃ፣ ሂጃብ፦ የመሸፈን ታሪክ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና የሚጠጣ ቡናውን ይዞ ያንብበው፣ ታክሲ ውስጥ ያለም ለማታ ያስቀምጠው።

ከአንድ ቃል ልጀምር። ሰርግ ሲደርስ "ቬሎ ተከራየች"፣ "ቬሎዋ ስንት ፈጀ?" እንላለን አይደል? ቬሎ ስንል ነጩን ረጅም የሙሽራ ቀሚስ ማለታችን ነው። ቃሉ የጣልያን ነው። በጣልያንኛ ግን ቬሎ ማለት ፊት ላይ የምትጣለዋ ስስ ጨርቅ እንጂ ቀሚሱ አይደለም። እኛ ጋ ሲመጣ ጨርቋ ቀሚሱን በሙሉ ዋጠችውና ስሙን ወሰደችለት። ለዚያች ስስ ጨርቅ ደግሞ ድሮውኑ የራሳችን ስም ነበረን፤ ዓይነ ርግብ። እንዴት ያለ ቆንጆ ስም ነው! አሁን ግን ከትልልቅ ሰዎች አፍና ከመጽሐፍ ውጪ ብዙም አይሰማም።

ይህን ርዕስ ያነሳሁት ለቃላት ብዬ ብቻ አይደለም። ስለ መሸፈን ወሬ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ሁለት መስመር ብቻ ይይዛል። አንዱ ወገን "መሸፈን ጭቆና ነው" ይላል። ሌላው "መሸፈን ክብር ነው" ይላል። ሁለቱም ጨርቁ ራሱ አንድ የማይለወጥ ትርጉም ያለው አድርገው ነው የሚናገሩት። ታሪክ የሚያሳየን ግን ሌላ ነው። ያው አንድ ጨርቅ በአንድ ቦታ የእመቤትነት ምልክት ሆኗል፤ በሌላ ቦታ የሴተኛ አዳሪ ምልክት ሆኗል። በአንድ ዘመን ሴትን ለማስደንገጥ ተገፍፏል፣ በሌላ ዘመን ሴትን ለማስፈራራት ተጭኗል። ንጉሥም ተሸፍኖበታል፣ ታቦትም ይሸፈንበታል።

ስለዚህ ስታነቡ ሦስት ጥያቄ በእጃችሁ ያዙ። ማን ሸፈነ? ከማን ተሸፈነ? የተሸፈነው ሰው "ልግለጥ" ቢልስ ይችላል? ክፍል ውስጥ እንደማደርገው በመጨረሻ እመለስባቸዋለሁ።

በጽሑፍ ከደረሱን የመሸፈን ሕጎች ውስጥ እጅግ ጥንታዊው ከአሦር ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የጀርመን የመሬት ቁፋሮ ባለሙያዎች በአሦር ከተማ (የዛሬዋ ኢራቅ ውስጥ) የሸክላ ጽላቶች አወጡ። ጽላቶቹ የተጻፉት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1100 ገደማ ነው። ሕጉ ምን ይላል መሰላችሁ? ያገባች ሴት፣ መበለትም፣ ወደ አደባባይ ስትወጣ ራሷን መሸፈን አለባት። ሴተኛ አዳሪ ግን መሸፈን አትችልም። ተሸፍና ከተገኘች ተይዛ ወደ ቤተ መንግሥቱ በር ትወሰዳለች፣ 50 ጊዜ በበትር ትመታለች፣ ራሷ ላይ የጋለ ቅጥራን ይፈስባታል። ባሪያ ሴት ተሸፍና ከተገኘች ጆሮዋ ይቆረጣል። ተሸፍና አይቶ ዝም ያለ ወንድም አይቀርለትም፤ እሱም 50 ይገረፋል፣ ሌላም ቅጣት ይጨመርለታል።

ልብ በሉ! እዚህ መሸፈን መብት ነው፤ የተከለከለው ለድሃዋና ለባሪያዋ ነው። ጨርቁ የሚናገረው ስለ ሴቲቱ እምነት ወይም ጨዋነት ሳይሆን "ይህች ባለቤት አላት፣ አትንኳት" የሚል ነው። ያልተሸፈነችውስ? እሷን የሚጠብቅ ሕግ የለም ማለት ነው። እንዲያውም እዚያው ሕግ ውስጥ አንድ ሰው ቁባቱን ሚስት ሊያደርጋት ከፈለገ 5 ወይም 6 ጎረቤት ሰብስቦ በፊታቸው ይሸፍናትና "ሚስቴ ናት" ብሎ ይናገራል፤ በቃ፣ ሚስት ሆነች። ሰርግ ላይ የሙሽራዋን ፊት የመሸፈንና የመግለጥ ነገር ምን ያህል ሩቅ ሥር እንዳለው ከዚህ መገመት ይቻላል።

አሁን ደግሞ ሁላችንም ወደምናውቀው ወደ ኦሪት ዘፍጥረት እንምጣ። ርብቃ ይስሐቅን ከሩቅ ስታየው ከግመሏ ወርዳ ትከናነባለች። የሙሽራ ክንብንብ ነው፣ ጨዋነት ነው። ጥቂት ምዕራፎች አለፍ ስንል ግን ምዕራፍ 38 ላይ ትዕማርን እናገኛታለን። ትዕማር ባሏ የሞተባት፣ አማቷ ይሁዳ የገባላትን ቃል ያላከበረላት ሴት ናት። የመበለትነት ልብሷን አውልቃ ተሸፋፍና መንገድ ዳር ተቀመጠች። ይሁዳ ሲያልፍ አያት፤ ፊቷን ስለሸፈነች ሴተኛ አዳሪ መሰለችው። የአሦሩን ሕግ አስታውሱ። እዚያ ሴተኛ አዳሪ በመሸፈኗ ትገረፋለች፣ እዚህ ደግሞ መሸፈኗ ሴተኛ አዳሪ ያስመስላታል። አገሮቹ ጎረቤታሞች ናቸው፣ ጨርቁም ያው ጨርቅ ነው፤ ትርጉሙ ግን ተገልብጧል። ትዕማር ደግሞ በዚያ ጨርቅ ተጠቅማ የተነፈገችውን መብት አስመለሰች። ይሁዳ በመጨረሻ "ከእኔ ይልቅ እሷ ጻድቅ ናት" የሚል ፍርድ ለመስጠት ተገደደ።

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሚሸፈኑት ሴቶች ብቻም አይደሉም። ሙሴ ከሲና ተራራ ሲወርድ ፊቱ ያበራ ስለነበር ሕዝቡ ሊቀርበው ፈራ፤ ስለዚህ ፊቱ ላይ መሸፈኛ አደረገ። እግዚአብሔር ፊት ሲቀርብ ይገልጠዋል፣ ወደ ሕዝቡ ሲወጣ ይሸፈናል። እዚህ መሸፈኛው የቆመው ለሚያየው ሰው ነው፤ ብርሃኑን መቋቋም ያልቻለው ተመልካቹ ነውና።

ከዚያ የደብተራ ኦሪት መጋረጃ አለ፤ ከሰማያዊ፣ ከሐምራዊና ከቀይ ግምጃ ከጥሩ በፍታም ጋር የተሠራ፣ ኪሩቤል የተጠለፉበት። ቅድስቱን ከቅድስተ ቅዱሳን ይለያል። ከመጋረጃው ጀርባ የሚገባው ሊቀ ካህናቱ ብቻ ነው፣ እሱም በዓመት አንድ ቀን። በወንጌል ክርስቶስ ሲሞት የቤተ መቅደሱ መጋረጃ ከላይ እስከ ታች ተቀደደ የሚለው ቃል ክብደቱ የሚሰማን ይህን ስናውቅ ነው። ከላይ ወደ ታች ነው የተቀደደው፤ ማለትም በሰው እጅ አይደለም።

ወደ ቤታችን ስንመጣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥርዓት ይዛ ቆይታለች። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። መቅደሱ በመጋረጃ ይከለላል። ታቦቱ በጥምቀት ሲወጣ በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ በካህኑ ራስ ላይ ነው የሚሄደው። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ እልል እያለ የሚከተለው የማያየውን ነገር ነው። ማንም "ገልጣችሁ ካላሳያችሁኝ አላምንም" አይልም። አለማየቱ ራሱ የአክብሮቱ ክፍል ነው። ይህን ባህል ለማያውቅ የውጭ አገር ሰው ለማስረዳት ሞክራችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ቀላል አይደለም።

የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ወደ ቤተ መንግሥትም ገብቶ ነበር። ይህ ብዙ ተማሪ የማያውቀው ታሪክ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ ላድርገው። እ.ኤ.አ. በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ደረሱ። ከመካከላቸው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለ ቄስ ነበር፣ ያየውንም ጽፎታል። ንጉሡን ለማየት ሳምንታት ጠበቁ። ይመጣሉ፣ ይቆማሉ፣ ጥያቄና መልስ በአቃቤ ሰዓቱ በኩል ይመላለሳል። ንጉሡ ከመጋረጃ ጀርባ ነው፤ ቃሉ እንጂ ፊቱ አይወጣም። በመጨረሻ መጋረጃው ሲገለጥ ንጉሡ ከፍ ባለ ዙፋን ላይ ተቀምጦ አዩት። ያኔም ቢሆን አፉና ጢሙ ላይ ሰማያዊ ስስ ሐር ተይዞለት ነበር፤ አልፎ አልፎ ዝቅ ሲደረግ ሙሉ ፊቱ ይታያል፣ መልሶ ይሸፈናል። ያ ሁሉ ግርማ የተደረገለት ሰው ዕድሜው በአልቫሬዝ ግምት 23 ዓመት ገደማ ነበር።

አልቫሬዝ አንድ ሌላ ነገርም ይነግረናል። ንጉሡ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በገና፣ በፋሲካና በመስቀል፣ ለሕዝብ ይታይ ነበር። ለምን? ቀደም ሲል ነገሥታቱ ለሕዝብ አይታዩም ነበር። ዐፄ እስክንድር ሲሞት ግን የቤተ መንግሥት ሰዎች ሞቱን ደብቀው ለሦስት ዓመት በስሙ ገዙ ይላል እንደሰማው። ሕዝቡ ከዚያ በኋላ "እንየው" ብሎ ያዘ። ሦስት ዓመት የሚለው ቁጥር የተጋነነ ሊሆን ይችላል። የወሬው ፍሬ ነገር ግን ትልቅ ነው። ከመጋረጃ ጀርባ ያለ ሥልጣን ግርማው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ንጉሡ ይሁን ሌላ ሰው ሕዝብ የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። ልብነ ድንግልም ቢሆን መጋረጃው አላዳነውም። እ.ኤ.አ. በ1529 በሽምብራ ኩሬ በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ከተሸነፈ በኋላ ከአምባ አምባ እየሸሸ ኖረና በ1540 ደብረ ዳሞ ላይ አረፈ።

መጋረጃ ካነሳን የጎንደሩን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ ከሐር የተሠሩ፣ የነገሥታትና የመኳንንት ምስል በሽመናው ውስጥ የገባባቸው ግዙፍ መጋረጃዎች ነበሩ። ዛሬ አንዱ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው ካናዳ ቶሮንቶ ይገኛል። እንዴት እዚያ ደረሱ? በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ድረስ መጥቶ ነበር፤ መልሱ እዚያ ነው። ለመሸፈን የተሠራ መጋረጃ ዛሬ የሙዚየም ዕቃ ሆኗል።

በተራው ሕይወትም አለባበሳችን ብዙ ይናገር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን የጎበኙ ተጓዦች መኳንንቱ ሻማቸውን እስከ አፍንጫቸው ድረስ ተከናንበው እንደሚቀመጡ ጽፈዋል። ትልቅ ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍናል። ታናሽ ደግሞ ትልቅ ሰው ፊት ሲቀርብ ሻማውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያስራል፤ ያደገድጋል። "አደገደገ" የሚለው ቃል ዛሬ ለማጎብደድ የምንጠቀምበት ከዚያ መጥቶ ነው። መሸፈን የበላይ፣ መግለጥ የበታች። እዚህ ላይ ከሴትና ከወንድ ጋር አይገናኝም፤ የሥልጣን ነገር ነው።

የእናቶቻችንን ነጠላ ደግሞ ተመልከቱ። አመሳቅላ ከለበሰች ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ነው። ዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ አንገቷ ካመጣች ለቅሶ ላይ ናት፤ ማንም ሳይነግረን "እግዚአብሔር ያጥናሽ" እንላለን። ሐረር ብንሄድ ያገባች ሴት ጸጉሯን ለሁለት ከፍላ ከጆሮዋ ኋላ ትጠቀልልና በጉፍታ ትሸፍነዋለች፤ ያላገባችው አታደርገውም። መነኩሴም ቆብ ሲደፋ ዓለምን ተወ እንላለን፣ ምንኩስናውን ከተወ ደግሞ "ቆቡን ጣለ"። ራስ ላይ ያለ ጨርቅ እኛ አገር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው።

ወደ እስልምና ስንመጣ አንድ ነገር ለይተን ማወቅ አለብን። በአሁኑ አነጋገር "ሂጃብ" የራስ መሸፈኛ ነው። በዐረብኛ ሥሩ ግን ሂጃብ ማለት መጋረጃ፣ መከለያ ማለት ነው። በቁርአን ምዕራፍ 33 ቁጥር 53 ላይ ቃሉ የመጣው በዚሁ ትርጉም ነው። ወደ ነቢዩ ቤት የሚመጡ እንግዶች ባለቤቶቻቸውን አንድ ነገር ሲጠይቁ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው እንዲጠይቁ ያዛል። ስለ ልብስ የሚናገሩት ሌሎች ቦታዎች ናቸው፤ ምዕራፍ 24 ቁጥር 31 ኺማርን፣ ምዕራፍ 33 ቁጥር 59 ጂልባብን ያነሳል። ምዕራፍ 24 ላይ ደግሞ ስለ ሴቶቹ ከመናገሩ በፊት ቁጥር 30 ወንዶቹን ዓይናቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ያዛል። ስለ ሴት ልብስ ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከሩ ወንዶች ይህቺን ቁጥር ዘለው ሲያልፉ ብዙ ጊዜ ታዝቤአለሁ።

ከእኛም ጋር የሚያያዝ አንድ ነጥብ አለ። በእስልምና ትውፊት የሂጃቡ አንቀጽ የወረደው በመዲና፣ ከሂጅራ በኋላ በ5ኛው ዓመት ገደማ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ግን ወደ ነጃሺ አገር የመጡት እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ከመካከላቸው የነቢዩ ልጅ ሩቅያ ነበረች፣ ኋላ የነቢዩ ባለቤት የሆነችው ኡሙ ሰለማም ነበረች። እነዚያ ሴቶች የተሰደዱት በእምነታቸው ስለተሳደዱ ነው፤ የተጠለሉትም በክርስቲያን ንጉሥ አገር ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ መጨረሻው እፈልገዋለሁ።

"መሸፈን የሴት ነገር ነው" ለሚል ደግሞ ሰሜን አፍሪካን ልጠቁመው። በ11ኛውና በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከሰሃራ ተነሥተው ሞሮኮንና የስፔንን ደቡብ የገዙት አልሞራቪዶች ፊታቸውን የሚሸፍኑት ወንዶቹ ነበሩ፤ በዐረብኛ መጠሪያቸውም ይኸው ሆነ። ዛሬም በሰሃራ ቱዋሬጎች ዘንድ ፊቱን የሚሸፍነው ወንዱ ነው። ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ይጠመጥማል፤ ሴቶቹ ፊታቸውን አይሸፍኑም። እዚያ አገር ፊቱን ገልጦ ሽማግሌዎች ፊት የሚቀርብ ወንድ ነው እፍረት የሌለው የሚባለው።

በሥነ ጽሑፍስ? አሜሪካዊው ናትናኤል ሆውቶርን እ.ኤ.አ. በ1836 ያሳተመው አንድ አጭር ልቦለድ አለ። አንድ የተከበረ ሰባኪ አንድ እሑድ ፊቱን በጥቁር ስስ ጨርቅ ሸፍኖ ይመጣል። ለምን እንደሆነ አይናገርም። ስብከቱ ያው ነው፣ ሰውየው ያው ነው፤ ሕዝቡ ግን ይሸበራል። እጮኛው ትለየዋለች፣ ልጆች ይሸሹታል። ሞት አልጋ ላይ ሆኖ እንኳ አላወልቅም ይላል። ሲሞትም የሚናገረው ነገር "እኔን ለምን ፈራችሁ? እናንተም እኮ ተሸፍናችኋል" የሚል መንፈስ አለው። ሆውቶርን ያሳየን ነገር፣ የተሸፈነ ፊት ስናይ የምንደነግጠው ብዙ ጊዜ ስለ ራሳችን ገመና ነው። የእኛም ሰው "ተሸፋፍነው ቢተኙ ገልጦ የሚያይ አለ" ይል የለ!

የእኛ ሥነ ጽሑፍ እኮ ራሱ በመሸፈን ላይ የተመሠረተ ነው። ሰምና ወርቅ ምንድን ነው? ወርቅ አንጥረኛው በመጀመሪያ የጌጡን ቅርጽ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ከዚያ ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ ይፈስበታል። ባለቅኔውም ወርቁን በሰም ሸፍኖ ያቀርባል። ሰሚው ደክሞ ካልፈታው ሰሙን ይዞ ይሄዳል። ይህ ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ጌታ ፊት እውነት መናገር አንገት በሚያስቆርጥበት አገር ባለቅኔው "እኔ ያልኩት ሰሙን ነው" ብሎ ያመልጥበታል። ሽፋኑ ለደካማው ጋሻ ነበር።

አንዳንዴ ግን ሽፋኑ ይሳሳና አያድንም። በዓሉ ግርማ "ኦሮማይ"ን በ1975 ዓ.ም. ሲያሳትም ልቦለድ ብሎ ነው። ስሞቹ ተቀይረዋል፤ የዘመኑ አንባቢ ግን ባለሥልጣናቱን ከስማቸው ጀርባ ለያቸው። መጽሐፉ ታገደ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. በዓሉ ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። እስከ ዛሬም መቃብሩ የት እንደሆነ ቤተሰቡ አያውቅም። ለመጻፍ የተጠቀመበት መጋረጃ ስስ ነበር፤ እሱን ያጠፉት ሰዎች ግን እጅግ ወፍራም መጋረጃ ነበራቸው።

አሁን ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን ልምጣ፤ ዛሬ የምንከራከርበት መንገድ የተቀረጸው እዚያ ነውና።

ግብፅ በእንግሊዞች እጅ በነበረችበት ጊዜ አገሪቱን በተግባር የሚገዛው ሎርድ ክሮመር ነበር። ይህ ሰው የግብፅ ሴት መሸፈኗ ለአገሪቱ ኋላ መቅረት ምክንያት ነው ብሎ ይጽፍ ነበር። መልካም፤ ለሴቶች ተቆርቋሪ ነው እንበል። ወደ አገሩ እንግሊዝ ሲመለስ ግን ምን ሠራ? ሴቶች የመምረጥ መብት እንዳያገኙ የሚታገለውን ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መራ። እዚያ ገላጭ፣ እዚህ ከልካይ! ለሰው ሴት የምናሳየውን ርኅራኄ በቤታችን ብንሞክረው ጥሩ ነው።

ግብፃውያን ራሳቸውም ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ1899 ቃሲም አሚን ስለ ሴት ነፃነት መጽሐፍ ጽፎ ፊት መሸፈንን ተቃወመ። ማላክ ሒፍኒ ናስፍ የተባለች መምህርት ደግሞ፣ ወንድ ተነሥቶ "ግለጡ" ማለቱም "ተሸፈኑ" ከማለቱ ያልተሻለ አዛዥነት መሆኑን ጠቆመች፤ መጀመሪያ ትምህርት ስጡን፣ ከዚያ እኛ እንወስናለን ነው ሐሳቧ። ሁዳ ሸዕራዊ እ.ኤ.አ. በ1923 ሮም ላይ ከተደረገ የሴቶች ጉባኤ ስትመለስ ካይሮ ባቡር ጣቢያ ላይ የፊቷን መሸፈኛ ገለጠች። የገለጠችው የፊቷን እንጂ የጸጉሯን አልነበረም። ደግሞም ማንም አላዘዛትም፤ በገዛ እጇ ነው።

ኢራንን አስተያዩት። እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 1936 ሬዛ ሻህ ባለቤቱንና ሴት ልጆቹን ሳይሸፈኑ ይዞ ቴህራን ወደሚገኝ የመምህራን ማሠልጠኛ ምረቃ መጣ፤ ከዚያም መሸፈን ተከለከለ። ፖሊስ መንገድ ላይ ሻደር ይገፍ ጀመር። ብዙ እናቶች ለዓመታት ከቤት ሳይወጡ ቀሩ። ልጆቿን ሱቅ መላክ የጀመረች፣ መታጠቢያ ቤት ለመሄድ ጨለማን የምትጠብቅ ሴት ነፃ ወጣች ማለት ይቻላል? ከ1979ኙ አብዮት በኋላ ደግሞ ተገለበጠ። በማርች 8 ቀን 1979 በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች አስገዳጅ ሂጃብን ተቃውመው ቴህራን ላይ ወጡ። ከ1983 ጀምሮ ሳይሸፈኑ መውጣት እስከ 74 ግርፋት የሚያስቀጣ ሆነ። በመስከረም 2022 የ22 ዓመቷ ማህሳ አሚኒ በአለባበሷ ተይዛ በፖሊስ እጅ እያለች ሞተች፤ አገሩ በተቃውሞ ተናወጠ። አያት ሻደሯን በፖሊስ ተገፈፈች፣ የልጅ ልጅ ሻሽ በፖሊስ ተጫነባት። ፖሊሱ ቦታውን አልለቀቀም።

አልጄሪያም ይህንኑ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1958 ፈረንሳዮች አልጀርስ አደባባይ ላይ የአልጄሪያ ሴቶችን በሥነ ሥርዓት አስገለጡ፤ "ነፃ አወጣናችሁ" ለማለት። የነፃነት ታጋይ ሴቶች ደግሞ አንዳንዴ ፈረንጅ መስለው ተገልጠው ኬላ አለፉ፣ አንዳንዴ ነጩን ሀይክ ተከናንበው ከሥሩ መሣሪያ አሳለፉ። ቅኝ ገዢው ጨርቁ ላይ አፍጥጦ ሲያይ እነሱ ጨርቁን እንደ መሣሪያ ያዙት። በራሷ በፈረንሳይም የ2004ቱ ሕግ በመንግሥት ትምህርት ቤት ጎልቶ የሚታይ የሃይማኖት ምልክትን ከለከለ፤ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ በአደባባይ ፊትን መሸፈን በሕግ ተከለከለ። በአፍጋኒስታን በበኩሉ ታሊባን በ2022 ሴቶች ፊታቸውን እንዲሸፍኑ አዘዘ፣ ከ6ኛ ክፍል በላይም ሴት ልጆች እንዳይማሩ ዘጋ።

እንግዲህ ወደ ሦስቱ ጥያቄዎች እንመለስ። ማን ሸፈነ? ትዕማር ራሷ ናት፤ የአሦሯ ሴት ሕግ ነው። ከማን ተሸፈነ? ሙሴ ብርሃኑን ከማይችል ሕዝብ፣ ባለቅኔው ከጌታ ቁጣ፣ ንጉሡ ጥያቄ ከሚያመጣ ሕዝብ። ልግለጥ ቢል ይችላል? ሁዳ ቻለች። የቴህራኗ አያት "ልሸፈን" ብላ አልቻለችም፤ የልጅ ልጇ "ልግለጥ" ብላ አልቻለችም። ለእኔ ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። አውልቂ ብሎ መጎተትና ልበሺ ብሎ መጎተት በተቃራኒ አቅጣጫ ይመስላሉ እንጂ የሚጎትተው እጅ አንድ ነው።

ይህን እንደ ታሪክ መምህር ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ክፍል እንደሚገባ ሰው ነው የምጽፈው። በ2017 ዓ.ም. አክሱም ውስጥ ሴት ተማሪዎች በሂጃብ ምክንያት ከትምህርት ቤት ተከልክለው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ መሄዱን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ያን ሰሞን ገጻችን ሁሉ በክርክር ተጥለቅልቆ ነበር። አንዱ ስለ ደንብ፣ አንዱ ስለ ሃይማኖት፣ አንዱ ስለ ከተማዋ ቅድስና። ልጆቹ የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ቀን እያለፈባቸው መሆኑን ያነሳው ሰው ግን ጥቂት ነበር። ነጃሺ የተሰደዱትን ሴቶች ሲቀበል ምን ለበሳችሁ አላላቸውም፤ ታሪኩ እንደሚነግረን የጠየቃቸው ስለሚያምኑት ነው፤ ሰምቶም አሳልፌ አልሰጣችሁም አላቸው። ይህን ታሪክ እንግዳ ሲመጣ በኩራት እንተርካለን። እንግዲያው ለገዛ ልጆቻችንም ይድረሳቸው።

አንድ ጊዜ ደግሞ አባቷ የሞተባት ተማሪ ነበረችኝ። ክርስቲያን ናት። ለወራት ጥቁር ሻሽ አስራ ትመጣ ነበር፤ በር ላይ በየጠዋቱ "ዩኒፎርም አይደለም፣ አውልቂ" ትባላለች። አንድ ቀን ይፈቀድላታል፣ አንድ ቀን ትመለሳለች። ያቺ ልጅ የጠፋባት የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ብዛት የእኔ ስም መጥሪያ ላይ በቀይ ተጽፎ ይታይ ነበር። ያ ጨርቅ ስለ አባቷ እንጂ ስለ ሥርዓት አልነበረም። ከዳይሬክተሩ ጋር ተነጋግረን ተፈቀደላት። ሻሿ ማንንም አልረበሸም፤ እሷም ፈተናዋን አለፈች።

ትምህርት ቤት ደንብ አያስፈልገውም አላልኩም። መምህር ነኝ፤ የፈተና አዳራሽ ውስጥ ማንነትን ማረጋገጥ እንዳለ አውቃለሁ። ለዚያ ግን መላ አለው፤ ሴት መምህርት ፈትሻ ታሳልፋለች፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መላ የሌለው ያቋረጠች ልጅ ነገር ነው። ተማሪ አንዴ ከትምህርት ገበታ ከቀረች የሚጠብቃት ምን እንደሆነ የገጠር መምህራን ጓደኞቼ ይንገሯችሁ፤ ወይ ያለ ዕድሜዋ መዳር፣ ወይ ወደ ዐረብ አገር ጉዞ።

ስለዚህ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አብዛኞቻችሁ ዛሬ እናንተም መምህር፣ ነርስ፣ የቢሮ ኃላፊ፣ ወላጅ ሆናችኋል። ነገ ራሷን የሸፈነች ወይም ያልሸፈነች ልጅ ፊታችሁ ስትቆም፣ ስለ ጨርቁ ከመናገራችሁ በፊት ልጅቷን ጠይቋት። ፈልጋ ነው ወይስ ተገዳ? ተገዳ ከሆነ ማን እንዳስገደዳት ስሟት። ፈልጋ ከሆነ ደግሞ አሳልፏት፣ ትማር። ደወሉ ተደውሏል።

ሐሳባችሁን ጻፉልኝ። በአካባቢያችሁ ዓይነ ርግብን፣ ጉፍታን ወይም ነጠላ አለባበስን የሚመለከት እኔ የማላውቀው ወግ ካለ በተለይ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ሰላም እደሩ።